ለዓሣ የሚሆን ጀሪካን

አሶሳ ገበያ አሮጌ ጀሪካን ከሚሸጡት መካከል የብሪቱን ቦታ ለማግኘት መጠየቅ አያስፈልግም፤ ሰው ጀሪካን አቅፎ ተራ የሚጠብቅበት ቦታ የእሷ ነው። ክዳኑን ትከፍታለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ አንዴ በረጅሙ ትስባለች፣ ከዚያ ፍርዱ ይወጣል። የምግብ ዘይት፣ ደህና ነው። ናፍጣ፣ ለውኃ አይሆንም። የአረም መድኃኒት፣ ሰንጥቀህ ቅበረው። ይግባኝ የሚባል ነገር የለም። አንዴ አንዲት ሴት ከሆሞሻ ድረስ ባዶ ጀሪካን ተሸክማ በሚኒባስ መጥታ፣ አስሽትታ፣ ያንኑ ተሸክማ ተመልሳለች።

ነገሩ እንደ ቀልድ ይመስላል እንጂ ቀልድ አይደለም። በብሪቱ ሰፈር ቧንቧው በሳምንት ሁለት ቀን ቢመጣ ነው፤ በቀሩት ቀናት ሰው የሚጠጣው ጀሪካን ውስጥ ያለውን ነው። ጀሪካን ደግሞ የት እንደዋለ አይናገርም። ዘይት ይዞ ወደ ከተማ ይገባል፣ ዘይቱ ሲያልቅ ውኃ ይይዛል፣ ገበሬ እጅ ሲገባ ናፍጣ ይይዛል፣ ክረምት ሲመጣ የአረም መድኃኒት ይበጠበጥበታል፣ በመጨረሻ በአሸዋ ታሽቶ እንደ ሙሽራ አጊጦ ገበያ ይወጣል። መልኩን አይቶ የሚገዛ ሰው ጉድ ይሆናል። ለዚህ ነው የብሪቱ አፍንጫ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የተከበረው።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። የብሪቱ አፍንጫ አይሠራም። ፊቷ ላይ እንዳለ አለ፤ ሥራ ካቆመ ግን ስምንት ወር ሆኖታል።

ሐምሌ ላይ ዘጠኝ ቀን ትኩሳት ጣላት። በዐሥረኛው ቀን ተነሥታ ሽሮ ጣደችና አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ መጸለይ ጀመረች። ቀና ያለችው ጎረቤት ግድግዳውን እየደበደበ ቤትሽ እየነደደ ነው ሲላት ነው። ሽሮው ከሰል ሆኗል፣ ቤቱ በጭስ ታፍኗል፣ ለእሷ አፍንጫ ግን ምንም አልተፈጠረም። ሽንኩርት አሸተተች። ነጭ ሽንኩርት አሸተተች። ላምባ አሸተተች። ሁሉም እንደ ውኃ ሆነባት።

ለማንም አልተናገረችም። ጤና ጣቢያ ብትሄድ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ገበያ ይደርሳል። ባሏ ከሞተ በኋላ ሦስት ልጆች አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ ያበቃችው በዚህ አፍንጫ ነው፤ ሌላ ሙያ አታውቅም፣ ሌላ ስምም የላትም። ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ምንም እንዳልሆነች ሆና ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። ክዳን ትከፍታለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ትስባለች። ብቻ ከዚያ በፊት ጀሪካኑን ያመጣውን ሰው ትጠይቃለች፤ ከማን ገዛህ፣ ክረምቱን የት ከረመ፣ ምን ታርሳላችሁ። ፊቱን ታያለች። የጀሪካኑን ሆድ በብርሃን ታያለች፤ ነጭ ዝቃጭ አለ ወይ፣ ጽሑፉ ተፍቋል ወይ። ብዙውን ጊዜ ይህ ይበቃል። ያልበቃበት ጊዜ ስለመኖሩ ግን የምታውቅበት መንገድ የላትም፤ ይህን ላለማሰብ ጎበዝ ሆና ነበር።

መጋቢት ላይ ኡስታዝ ዓብዱልላጢፍ መጡ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሒሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡ የበርታ ሰው ናቸው። አማርኛቸው ቃል አያጥረውም፤ ወንድና ሴት መለየት ላይ ብቻ ያስቸግራቸዋል። እስከ ዛሬ ያረማቸው የለም፣ ግማሹ ከተማ ተማሪያቸው ነውና።

አንድ የእርዳታ ድርጅት ቢሮውን ዘግቶ ሲሄድ ዕቃውን በሐራጅ ሸጠ። ኡስታዝ ፍሪጅ ሊገዙ ሄደው ሰባት ዓሣ ያለበት አኳሪየም ይዘው ተመለሱ። ለምን እንደሆነ ለባለቤታቸው ለዐፊፋ አጥጋቢ ማብራሪያ አልሰጡም። የመስታወቱን ሳጥን ሳሎን ውስጥ አስቀመጡ፣ ፊት ለፊቱ ወንበር አደረጉ፣ ከዙሁር ሶላት እስከ ዐስር ሶላት ተቀምጠው ማየት ያዙ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሰው ሳይቀሰቅሳቸው ከአልጋ መነሣት የጀመሩት ያኔ ነው። ዐፊፋ ይህን ስታይ የፍሪጁን ነገር ማንሣት ተወች።

ችግሩ ውኃው ነበር። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን አለበት፤ ለሰው ደግ የሆነው ክሎሪን ዓሣን ይገድላል። ስለዚህ ውኃው አፉ ሰፊ በሆነ ዕቃ ሁለት ቀን ተከፍቶ መክረም አለበት። ድርጅቱ ከሳጥኑ ጋር አንድ መመሪያ ትቶ ነበር፤ ኡስታዝ በተራ ቁጥር ገልብጠው አምጥተው ገበያ መካከል ቆመው ለብሪቱ አነበቡላት። ዕቃው ለምግብ ተብሎ የተሠራ ፕላስቲክ ይሁን። ብረት አይሁን፣ ይዝጋል። ሳሙናና በረኪና ነክቶት የማያውቅ ይሁን። ከዘይትና ከውኃ በቀር ምንም ይዞ የማያውቅ ይሁን።

ብሪቱ በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ ለሰው ያልተጠየቀችውን ጥንቃቄ ለዓሣ ተጠየቀች። ሳሙና ምን በደለ ብላ ጠየቀቻቸው። ፕላስቲኩ ሳሙናውን ይጠጣና ቀስ እያለ መልሶ ይተፋዋል፣ ዓሣ ደግሞ የሚተነፍሰው ያንኑ ውኃ ነው አሏት። ይህ ገባት።

«ሰው ቢሆን ሆዱ አመመው፣ ነገ ተሻለው» አሉ ኡስታዝ። «ዓሣ ነገ የለውም። አንቺ አሽትት ብቻ። ሌላ ሰው እኔ አላምንም።»

ገበያተኛው ቆሞ ያያል። ከብሪቱ ኋላ በዚያ ጠዋት የደረሱ አራት አንድ ዓይነት ቢጫ ጀሪካኖች ነበሩ፤ ጃለታ የሚባል ደንበኛዋ ከባምባሲ ገጠር ለቅሞ ያመጣቸው ናቸው። ጠይቃዋለች። የሠርግ ቤት ዘይት ነው ብሏታል፣ ፊቱም ደህና ነበር። አንድ በአንድ ከፈተች፣ ጨፈነች፣ ሳበች። ዘይት ነው አለች፤ የኑግ ሳይሆን ከውጭ የሚመጣው። ያቺ የኑግ ሳይሆን የምትለዋ ቃል ለማሳመሪያ የተጨመረች ናት።

ሁለቱን ለኡስታዝ መረጠችና ማዘጋጀቱንም ራሷ ያዘች። የሕሊና ነገር ሳይሆን አይቀርም። ሳሙና ሳታስነካ በፈላ ውኃ አለቀለቀቻቸው። ንጹሕ አሸዋ ጨምራ ናጠቻቸው። ውኃና አቼቶ ሞልታ አንድ ቀን ዘፈዘፈቻቸው፣ ደፋች፣ ሦስት ጊዜ አለቀለቀች። አንገታቸውን በጋለ ቢላ ቆርጣ አፋቸውን አሰፋች፣ እጅ እንዳይቆርጥ ጠርዙን አለሰለሰች። በጥላ ሥር ዘቅዝቃ አደረቀቻቸው። በመጨረሻም ማንም ሌላ ነገር እንዳይቀዳባቸው በምስማር «ዓሣ» ብላ ጻፈችባቸው። በሕይወቷ እንዲህ የተለፋበት ጀሪካን ሸጣ አታውቅም።

ሦስተኛውን እዚያው ሰፈሯ የምትኖረው፣ አማርኛዋ እንደ ኡስታዝ ወንድና ሴት የማይለየው ዓፊያ ለመጠጥ ውኃ ወሰደችው። ዓፊያ ሁለተኛ ክፍል የምትማር ሳና የምትባል ልጅ አለቻት። አራተኛው ሳይሸጥ ቀረ፤ ብሪቱ ማፍሰስ አለማፍሰሱን ለማየት ውኃ ሞልታ፣ ክዳኑን ሳትገጥም፣ ከመደቧ ጀርባ አስቀመጠችው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ኡስታዝ «ዓሣ» የሚል የተጻፈበትን አንዱን ጀሪካን በብብታቸው ይዘው ተመለሱ። አራት ዓሦች ሞተዋል። እንደ መመሪያው ነው ያደረጉት፤ ውኃውን ሁለት ቀን አክርመው፣ ከሳጥኑ ውኃ ሩቡን ቀይረው፣ ቀስ ብለው። በማግሥቱ ሁለት ሞተው ተገኙ፣ በሦስተኛው ቀን ሌሎች ሁለት። ብሪቱ ልትወቀስ ነው ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን እሷን መጠርጠር በሐሳባቸውም አልመጣም። ጠርጥረው የጨረሱት ዐፊፋን ነው።

ዐፊፋ ውኃ የሚገባበትን ዕቃ ሁሉ በወይራ ጭስ ታጥናለች። እናቷም እንዲሁ ታጥን ነበር። በእሷ ቤት ባልታጠነ ዕቃ ለእንግዳ ውኃ ማቅረብ እንግዳውን ውጣ ከማለት አይለይም። ኡስታዝ እንዳሰቡት ዐፊፋ ዓሦቹን እንደ እንግዳ ቆጥራ ጀሪካኑን አጥናዋለች፤ ዓሦቹንም የገደለው አክብሮቷ ነው። እሷ አላጠንኩም አለች። ካንቺ በቀር ማን አለ አሏት። እኔ ዓሣ እንደማይታጠንለት ሳይነገረኝ አውቃለሁ አለች። በሠላሳ አራት ዓመት ትዳር ውስጥ «ውሸታም» የሚባል ቃል በመካከላቸው ተሰምቶ አያውቅም ነበር፤ ማክሰኞ ተሰማ። ረቡዕ ጠዋት ዐፊፋ ልብሷን ጠቅልላ ሆሞሻ እኅቷ ዘንድ ሄደች።

ኡስታዝ ጀሪካኑን ብሪቱ እግር ሥር አኖሩት።

«አሽትት» አሉ። «ጭስ ከሆነ እኔ ልክ ነኝ። ጭስ ካልሆነ ሆሞሻ ሄጄ እግሩ ላይ እወድቃለሁ።»

ብሪቱ ጎንበስ አለች። ዓይኗን ጨፈነች፣ ሳበች። የመጣላት አየር ብቻ ነው። ተራ የሚጠብቁ ስድስት ሰባት ሰዎች ጀሪካናቸውን አቅፈው ፍርዱን ለመስማት ተጠግተዋል። አላውቅም ብትል ከመደቡ ላይ የተነገረ የመጀመሪያው አላውቅም ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ የሚከተለውን ጥያቄ መመለስ አለ። ጭስ አይደለም ብትል ደግሞ ምን እንደሆነ ልትናገር ነው።

«ጭስ ነው» አለች።

ኡስታዝ ራሳቸውን ነቀነቁ። ልክ ሆነው ደስ ያላቸው አይመስሉም ነበር። ጀሪካናቸውን አንሥተው ሰው ወደሌለበት ቤታቸው ሄዱ።

ብሪቱ ከዚያ በኋላ ሥራ እምቢ አላት። አፈረች። አንዲት ሚስት በእሷ አንድ ቃል ውሸታም ሆና ቀርታለች። ከእፍረቱ ቀጥሎ ፍርሃቱ መጣ፣ እሱ ይብስ ነበር። ዐፊፋ አላጠንኩም ካለች አላጠነችም ይሆናል። ጭስ ካልሆነ ጀሪካኑ ራሱ ነው። ጀሪካኑ ከሆነ ደግሞ አብረውት የመጡ አሉ፤ አንዱ ከጀርባዋ ተቀምጧል፣ አንዱ ዓፊያ ቤት ነው።

ለጃለታ ደወለችለት። እነዚያ አራቱ በእውነት የሠርግ ቤት ናቸው ወይ ብላ ጠየቀችው። ጃለታ ሠርጉስ እውነት ሠርግ ነበር አላት፤ በጥር ተደግሶ፣ በሬ ታርዶ። የገዛቸው ግን ከሠርጉ ከዓመት በኋላ ነው፣ በመካከሉ ማን ምን እንደቀዳባቸው በምን ያውቃል።

«አዴ ብሪቱ፣ አንቺ አሽትተሻቸው የለም እንዴ?» አለ።

ስልኩን ዘጋችው። አራተኛውን ጀሪካን ከነውኃው በባጃጅ ጭና ኡስታዝ ቤት ሄደች።

ኡስታዝ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው የቀሩትን ሦስት ዓሦች ያዩ ነበር። ሳጥኑ ለሦስት ዓሣ በጣም ሰፍቷል። ብሪቱ ይህ ጀሪካን ከእርስዎ ሁለቱ ጋር አንድ ቀን ከመጡት ከአራቱ አንዱ ነው፣ ዐፊፋ እጇን አላሳረፈችበትም፣ ውኃውም ተከፍቶ ከርሟል አለቻቸው። አንድ ዓሣ ይስጡኝና ከዚህ ውኃ እንክተተው አለች። ኡስታዝ ለምን አላሉም። እንደ ሒሳብ አስተማሪ የተናገሩት አንድ ዓሣ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም የሚል ነው፤ ማነጻጸሪያ ያስፈልጋል። ተነሥተው ሁለት ጎድጓዳ ሳህን አመጡ። በአንዱ የብሪቱን ጀሪካን ውኃ ቀዱ። በሌላው ጓዳ ከቆመው ከዐፊፋ ዚር ቀዱ። ዚር የሚሉት ትልቁን የሸክላ ውኃ ማጠራቀሚያ ነው፤ ዐፊፋ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከጠቡ በፊት፣ አጥና የሞላችው ነበር። ወይራው እስከ ሳሎን ይሸታል አሉ ኡስታዝ። ብሪቱ አዎ አለች፤ በዚያች ቀን ሁለተኛ ውሸቷ ነው፣ ከልማድ የወጣ።

አንድ አንድ ዓሣ አደረጉ። ሁለቱም ተጎንብሰው ተቀመጡ። ኡስታዝ ሰዓታቸውን ከእጃቸው አውልቀው ከሳህኖቹ መካከል አስቀመጡ።

በሃያኛው ደቂቃ በጀሪካኑ ውኃ ውስጥ ያለው ዓሣ ወደ ላይ መጥቶ አፉን ይከፍት ይዘጋ ጀመር። ኡስታዝ በማንኪያ አንሥተው ወደ ሳጥኑ ሊመልሱት ሲሞክሩ በጎኑ ተኝቶ ነበር። መለሱት። አልተነሣም። ጭስ የጠገበው ውኃ ውስጥ ያለው ዓሣ ሳህኑን እየዞረ ምግብ ይፈልግ ነበር።

«ኡስታዝ» አለች ብሪቱ። «ጠዋት ጭስ አልሸተተኝም። ምንም አልሸተተኝም። ከሐምሌ ጀምሮ አፍንጫዬ አይሠራም።»

ይቆጣሉ ብላ ጠበቀች። መቆጣታቸውን ፈልጋው ነበር፣ ቢጮኹባት ይቀላት ነበር። ኡስታዝ ግን ሳህኑን አይተው፣ ሰዓታቸውን አሥረው፣ ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ። ሆሞሻ የሚሄድ መኪና ከሰዓት በኋላም ይኖራል አሉ ለራሳቸው። አንዱን ጫማ አድርገው ሌላውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ።

«አራት ነበሩ ብለሃል» አሏት። «ሁለት እኔ ጋር። አንድ ይህ። አንዱ የት ነው?»

ብሪቱ ወደ ዓፊያ ቤት ሮጠች።

ዓፊያ ግቢ ስትደርስ ላብ በላብ ሆና ነበር። ቢጫው ጀሪካን ከማንጎ ዛፉ ሥር ቆሟል፣ ክዳኑ ላይ ኩባያ ተደፍቶበታል፣ ውኃው ከግማሽ በታች ነው። ሳና ምንጣፍ ላይ በሆዷ ተኝታ የቤት ሥራ ትሠራለች። ዓፊያ ወንበር አወጣችላት። እንዲህ ያላበሽ ከየት ነው አለቻትና ከጀሪካኑ ቀድታ በሁለት እጇ ኩባያውን ዘረጋችላት።

ብሪቱ ኩባያውን ተቀብላ መሬት ላይ ደፋችው። ከዚህ ስንት ቀን ጠጣችሁ አለች። ከገዛሁት ጀምሮ ነው አለች ዓፊያ። ሳና ሁለት ጊዜ አስመልሷት ነበር፤ ጤና ጣቢያ ወስዳት ሆዷ ነው ተብላ፣ ዱቄት መድኃኒት ተሰጥቷት፣ በውኃ በጥብጠሽ ስጫት ተብላ ነበር። በዚሁ ውኃ በጥብጣ ሰጥታታለች።

ብሪቱ ቆማ ነገረቻት። ስለ ሐምሌው ትኩሳት፣ ስለ ዓሣው፣ ስለ ጃለታ። ምን ዓይነት የእርሻ መድኃኒት እንደሆነ አላውቅም፣ የእርሻ መድኃኒት መሆኑን ግን አውቃለሁ አለች።

«ሸተተኝ» አለች ዓፊያ በመጨረሻ። «መጀመሪያ ቀን ሸተተኝ። ግን አዴ ብሪቱ አሽትቷል፣ ንጹሕ ነው ብሏል። እኔ፣ የኔ አፍንጫ ታመመ አልኩ።»

ሳናም ሸትቷት ነበር። ይሸታል አልጠጣም ብላ ሁለት ቀን እምቢ አለች። በሦስተኛው ቀን ዓፊያ ብሪቱስ አትሳሳትም፣ ልጄ ናት የምትዋሸው ብላ፣ በጥፊ መትታ አጠጣቻት። ዓፊያ ይህን ስትናገር የምታየው ብሪቱን አልነበረም። ልጇን ነበር።

ብሪቱ ጀሪካኑን ገለበጠችው። ቢላ ጠይቃ ሆዱን ከላይ እስከ ታች ሰነጠቀችው። አሁኑኑ ሆስፒታል እንሂድ አለች። ምን እንደጠጣችሁና ማን እንደሸጠላችሁ ለሐኪሙ እኔ እናገራለሁ፣ ከሆስፒታል መልስ ገበያው መካከል ቆሜም እናገራለሁ አለች። ዓፊያ ነጠላዋን ልታመጣ ወደ ቤት ገባች።

ብሪቱ ምንጣፉ ላይ፣ ከሳና ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«ያንቺ አፍንጫ ልክ ነበር» አለቻት። «የተበላሸው የኔ ነው።»

ሳና እርሳሷን አፏ ውስጥ አድርጋ አሰበች።

«ካልሸተተሽ ለምን ታሸትቻለሽ?»

ብሪቱ ስለ ልጆቿ ልትነግራት አሰበች፣ ስለ ሃያ ሁለት ዓመቱም፣ ቆሞ ስለሚያያት ገበያተኛም። አንዱም ለሰባት ዓመት ልጅ የሚነገር ሆኖ አላገኘችውም።

«ፈርቼ ነው» አለች።

ሳና ይህን ሰምታ እግሯን ዘረጋችላት፣ ብሪቱም የልጅቱን ጫማ አንሥታ ታጠልቅላት ጀመር።